የሣር ማጨጃ ፍለጋ፦ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ደርሶ መልስ

ከመነሳታችን በፊት

የቤተሰባችን የሠርግ መናፈሻ ድሬዳዋ ነው። ሣሩ ብቻ አንድ ሄክታር ይሆናል፤ ዙሪያው ኒምና ማንጎ ነው። ይህን ሁሉ የሚያጭዱት አባባ የምንላቸው አትክልተኛችንና አንድ ረዳታቸው ናቸው፣ በእጅ በሚገፋ የቤንዚን ማሽን። የማሽኑ ምላጭ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር በግማሽ ሜትር ስፋት ሲታጨድ እግር የሚሄደው 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ መደራረቡና መዞሩ ሳይታሰብ። ማሽን እየገፉ በድሬ ፀሐይ ወደ ደንገጎ አናት የመውጣት ያህል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ሣሩ ሳምንት አይታገሥም። አባባ ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ይህን እያዩ ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

ስለዚህ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ እንግዛ አልን። የተለመደው መጠን 42 ኢንች ነው፣ 107 ሳንቲ ሜትር ገደማ። መንገዱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። አዲስ አበባ ጠየቅን። የነገሩን ዋጋ አንድ የሠርግ ወቅት ሙሉ ለፍተን ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። ከጅቡቲ በስልክ ፎቶ የላኩልን ሻጮች ደግሞ ለተጠቀመ ማሽን የዚያን ግማሽ ጠየቁ።

ድሬ ውስጥ “ከጅቡቲ ዕቃ አመጣለሁ” ስትሉ ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው በሌሊት በበረሃ የሚገባው ኮንትሮባንድ ነው። እኛ ግን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) የሌለው ዕቃ ግቢያችን እንዳይገባ ከመጀመሪያው ተስማማን። የአጎቴ ልጅ የማሽነሪ አስመጪ ፈቃድ አለው። ፕሮፎርማውን (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) በእሱ ስም አስወጥቶ ባንክ አስገባና አስፈቀደ፤ ገንዘቡ የሚላከው እኔ ማሽኑን በዓይኔ አይቼ “ይሁን” ስል ብቻ እንዲሆን ከባንኩ ጋር ተነጋገረ። እኔ ሞተር አላውቅም። ስለዚህ ከሼመንደፈር (ከምድር ባቡሩ) የጥገና ጋራዥ ጡረታ የወጡትን፣ የአባቴን ጓደኛ ጋሼን ለመንኳቸው። ፓስፖርታቸው አገልግሎቱ አላለቀም፤ ቪዛችንን አስወጣን። እሳቸው ካቻቢቴያቸውን፣ ትንሽ ባትሪ መብራትና የስፌት ሜትር ያዙ።

ቅዳሜ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። የባቡሩ ቀን ከእኛ ቀን ጋር ስላልገጠመ በመኪና ነው የሄድነው። ከድሬ እስከ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽንሌን ካለፋችሁ በኋላ አስፋልቱ ሜዳውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ግራር፣ ግመልና ፍየል ነው። መንገዱ ጥሩ ስለሆነ ነጂዎች ይፈጥናሉ፤ ግመል ደግሞ ለማንም መንገድ አይለቅም። ስለዚህ በሌሊት አትሂዱበት።

ጋሼ መንገዱን ሙሉ በመስኮት የሚያዩት ሐዲዱን ነበር። አሮጌው ጠባብ ነው፤ ሐዲድና ሐዲዱ መካከል አንድ ሜትር። አዲሱ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። ድሬዳዋን የወለዳት አሮጌው ነው። ፈረንሳዮቹ ከጅቡቲ እየሠሩ መጥተው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርሱ፣ ቦታው ላይ ከተማ አልነበረም። ጋሼ አዲጋላ ላይ የቀድሞውን ጣቢያ ሲያዩ ነጂውን አስቁመው ወረዱ። አንድ ጊዜ ሎኮሞቲቭ እዚያ ተሰብሮባቸው ሦስት ቀን ሆነው እንዴት እንደጠገኑ ነገሩኝ። እዚያ በረሃ ውስጥ ዕቃ ከየት ይመጣል? ያለውን ፈትቶ፣ አሟሽቶ፣ ቀጥቅጦ መመለስ ነው። እሳቸውን ይዤ በመውጣቴ ልቤ ያረፈው እዚያ ነው።

አይሻ አካባቢ የነፋስ ኃይል ማማዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ነፋሱ አቧራ ያመጣል። ጋሼ “የአየር ፊልትሮውን ሁለት ሦስት ደርባችሁ ግዙ” አሉ፤ ያሉትን ጻፍኩ።

ደወሌ ላይ ማህተም፣ ጋሊሌ ላይ ማህተም። አሊ ሳቢህን ሲያልፉ ተራሮቹ ቀይ ናቸው። ከዚያ በኋላ የከባድ መኪና ሰልፍ ነው፤ የእኛ አገር ታርጋ የለጠፉ ተሳቢዎች፣ ማዳበሪያውን፣ ስንዴውን፣ ብረቱን ጭነው ሽቅብ ይወጣሉ። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ 90 በመቶ ገደማው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ፒኬ 12 ደረስን፣ ባልባላን አለፍን፣ ማታ ከተማ ገባን። እራት የየመን ዓሣ በላን፤ ከመሃል ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በምድጃ ግድግዳ ላይ የተጠበሰ፣ ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር። ጋሼ እንደገና አዘዙ።

እሑድ

እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ የሚያርፉት ዓርብ ነው። ሱቅ በጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይከፈታል። ከእኛ በኩል የሚሄደው ጫት ቀትር ላይ ከገባ በኋላ ቁም ነገር ይዛችሁ ወደ ማንም አትሂዱ፤ ሥራችሁን ሁሉ ከቀትር በፊት ጨርሱ።

ፕላስ ሜኔሊክ አካባቢ ሻይ ጠጥተን ከፎቶዎቹ ሻጮች ሁለቱን አየን። አንዱ ጋር ማሽኑ የለም፤ “ከዱባይ በመንገድ ላይ ነው” አለን። ተውነው። ሌላው ጋር ያለው ማሽን ከሱቁ ደጅ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ለብዙ ጊዜ ቆሟል። ጋሼ ጎንበስ ብለው የማጨጃውን ሽፋን ከሥር በካቻቢቴ ጫር ጫር አደረጉት። ካቻቢቴው በሳው። የባሕር እርጥበትና ጨው የሚበላው መጀመሪያ ከሥር ነው፤ ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። “ይህ ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ነው” ብለው ተነሱ። እኔ በፎቶ ብቻ ልገዛ የነበረው ይህንኑ ነበር።

ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ጅቡቲ ዝናብ የሌላት፣ ሣር የማይበዛባት አገር ናት፤ ታዲያ ማጨጃ ለምን እዚያ ይረክሳል? መልሱን ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ በወረቀት ሠራሁት። እዚያ የምታዩት ዋጋ ገና የእኛ አገር ቀረጥ ያልነካው ዋጋ ነው። አዲስ አበባ የምትሰሙት ግን ቀረጡንና የሻጩን ትርፍ ይዞ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ “ግማሽ ዋጋ ነው” ማለት ሰውን ያሳስታል።

ቀረጡ እንዲህ ይደራረባል። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና መድኑ እስከ ድንበር ድረስ 100 ብር ሆነ እንበል። የጉምሩክ ቀረጡን ለምሳሌ 10 ከመቶ ብናደርገው 110 ይሆናል። በ110 ላይ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16 ብር ከ50 ነው፤ 126 ብር ከ50 ሆነ። በዚያ በድምሩ ላይ ሱር ታክስ 10 ከመቶ፣ 12 ብር ከ65። ከዚያ በመጀመሪያው 100 ላይ የሚሰላ 3 ብር ቅድመ ግብርና 3 ብር የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ። ሲደመር 145 ብር ከ15 ሳንቲም። ኤክሳይዝ የሚነካው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከታክሶቹ በፊት ይገባና ሁሉንም ያሳብጣል። ቅድመ ግብሩ ከዓመት ግብር ላይ ይቀነሳል፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ደግሞ የከፈለውን ከሰበሰበው ላይ ያቻችላል። እነዚህ ሁለቱ በወቅቱ ከኪስ ይወጣሉ እንጂ እንደ ጠፉ አይቆጠሩም። አስመጪ የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን አይተው “አሁንም ያዋጣል፤ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ” አሉና ተኙ።

ሰኞ

የቀረው ሦስተኛው ሻጭ ነው። ዕቃው ያለው ነፃ ቀጠና ውስጥ ነው፤ ለኢትዮጵያ ገዢ የሚቀርቡት የተጠቀሙ መኪኖችና ማሽኖች የሚቆሙበት ሰፊ ግቢ። መግቢያ ወረቀት በጠዋት አስወጣን። ሻጩ ድሬ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይበልጥ የድሬ ነው። “አቦ እህቴ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጪ መጀመሪያ፣ ማሽኑ የትም አይሄድም” ብሎ ጥላ ውስጥ አስቀመጠን። ዋጋውን በዶላርም በፍራንክም ይናገራል። ለእኛ ልዩነት የለውም፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ ነው፣ ከ1970ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ጀምሮ አልተነቃነቀም። ብሩ በየሳምንቱ ዋጋው ሲለዋወጥ ለምናይ ሰዎች ይህ ያስቀናል።

መጋዘን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር ሁለት ማሽን አለ። አንዱ መሪ የሌለው ነው፤ በሁለት ዘንግ የሚነዳ፣ ባለበት የሚዞር። ደስ ይላል፤ ሥራም ያፋጥናል። ሌላው መሪ ያለው፣ ከፊት ሞተር ያለው፣ ትንሽ ትራክተር የሚመስለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር የተገጠመለት ነው። እኔ ዓይኔ የመጀመሪያው ላይ ነበር። ጋሼ ግን “አባባ ናቸው የሚነዱት። መሪ ያለው ለማንም ይገባል። ደግሞ አንድ ሲሊንደር ነው፤ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ካርቡራቶር። ቢበላሽ ድሬ ላይ የሚከፍተው አይታጣም” አሉ። ትክክል ናቸው። መኪና ነድተው የማያውቁ አዛውንት ሁለት ዘንግ ይዘው በማንጎ ሥር ሲዞሩ አሰብኩና ሐሳቤን ቀየርኩ።

ከዚያ ጋሼ ሥራ ጀመሩ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ሻጩም እኔም ዝም ብለን አየናቸው። የተጠቀመ ማጨጃ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ ሞተሩን በእጃቸው ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሞቆ ቢሆን ኖሮ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ጠዋት የማይነሳ ሞተር በዚህ ይሸሸጋል። ዘይቱን አወጡ፤ ጠቁሯል እንጂ ነጭ ወተት አልመሰለም፣ ውኃ አልገባበትም። ካንዴላውን ፈትተው አዩት፤ ጫፉ ደረቅ ቡናማ ነው። ከዚያ አስነሱት። ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ለአፍታ ትፍ አለና ጠራ።

ቀጥሎ ከሥር ገቡ። የማጨጃው ሽፋን ውስጥ ምላጮቹን የሚያዞሩ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዱ በኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ሞተሩን አጥፍተው፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ምላጩን ይዘው ላይና ታች አነቃነቁት። ግራው ጥብቅ ነው። ቀኙ ትንሽ ይወዛወዛል። “ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ግን ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ድሬ መጋላ ገበያ ሄደን እንገዛዋለን” አሉና ቁጥሩን አጻፉኝ። ቺንጋውን ግን ሻጩ አዲስ እንዲሰጥ አጥብቀው ጠየቁ። የማጨጃ ቺንጋ እንደ ወፍጮ ቺንጋ አይደለም፤ ምላጩ በተጫነ ቁጥር እየተወጠረና እየላላ ስለሚሠራ ውስጡ ጠንካራ ክር አለው። የወፍጮውን ብታስሩበት ይሞቃል፣ ይንሸራተታል፣ ይበጠሳል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ የስፌት ሜትራቸውን ቺንጋው ዙሪያ እያዞሩ ነበር። ሜትሩ የመጣው ለዚህ ነው።

የኋላው ማርሽ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ ፔዳል ረገጥ ማድረግ ብቻ ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም። የእሱ ቤት ዘይት ካንጠባጠበ ጥገናው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይወዳደራል። በባትሪ አበሩበት፤ ደረቅ አቧራ እንጂ የረጠበ አቧራ የለም።

“ልጄ፣ ተቀመጪበት” አሉኝ። ተቀመጥኩ። አስነሱት፣ ምላጩን አስጀመሩት። “አሁን ቀስ ብለሽ ከወንበሩ ብድግ በይ።” ብድግ ስል ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ወንበሩ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ምላጩ እየዞረ እንዳይቆይ የተሠራ ነው። ብዙ የተጠቀመ ማሽን ላይ ይህንን ቆርጠው ቀጥታ ያገናኙታል። ይህ ማሽን ላይ አልተነካም። የመናፈሻው ልጆች በሣሩ ላይ ሲሮጡ ስለማውቅ፣ ይህ ባይሠራ ኖሮ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም ነበር።

ሻጩ ማሽኑ “አራት ዓመቱ ነው፣ ወላሂ” ብሎን ነበር። ጋሼ ሞተሩ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠረጉ። በብሪግስ ሞተር ላይ ሦስት መስመር ቁጥር ይታተማል፤ ኮድ የሚለው መስመር የመጀመሪያ ሁለት አኃዞቹ ሞተሩ የተሠራበት የፈረንጅ ዓመት ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ። የሞተሩ ዕድሜ ሻጩ ካለው በሁለት ዓመት ይበልጣል። ሰውየውን አላሳፈሩትም፤ ቁጥሩን ብቻ አነበቡለት። እሱም አልተከራከረም፣ “ያመጣልኝ ሰው እንዲህ ነው ያለኝ” አለና ዋጋውን አወረደ። አዲስ ቺንጋ፣ ሁለት ጥንድ ምላጭና ሦስት የአየር ፊልትሮ ጨመረልን። ተጨባበጥን። እኔ ኮዱን፣ ሞዴሉንና የሰዓት ቆጣሪውን ፎቶ አነሳሁ፤ ይህ ፎቶ በኋላ ጠቀመን።

ማክሰኞ

ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ በወረደው ዋጋ ፕሮፎርማው ታረመ፣ ባንክ ገባ። ጋሼ ባሕር ዳር ሄደው ተቀመጡ። እኔ ጠበቅኩ።

ረቡዕ

ባንኩ ገንዘቡን ላከ። የስዊፍቱ (የባንክ መላኪያ ማረጋገጫው) ቅጂ በስልኬ ሲደርሰኝ ለሻጩ አሳየሁት፤ ኢንቮይስና ሌሎች ሰነዶችን ማዘጋጀት ጀመረ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነበር፤ ድሬ ላለው ትራንዚተራችን (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚያችን) ደወልኩለት። ይህ ዕቃ አራት ጎማ አለው፣ መሪ አለው፣ ወንበር አለው፣ የቤንዚን ሞተር አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ድንበር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ጥያቄ ይነሳል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ የተጠቀመ ተሽከርካሪ ላይ ያለው ታክስ ከዕቃው ዋጋ በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ተሽከርካሪ ተብሎ ከተመደበ አለቀልን። ትራክተር ከተባለ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው፣ ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል።

ትራንዚተሩ ተረጋግቶ አስረዳኝ። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የታሪፍ ማብራሪያ ይህንን ጉዳይ በስሙ ጠርቶ ዘግቶታል፦ ተቀምጠው የሚነዱት፣ የማጨጃው ክፍል ለጥገና ካልሆነ በቀር የማይነቀል፣ ዋና ሥራው ሣር ማጨድ የሆነ ማሽን፣ ምንም እንኳ ከኋላው ጋሪ መጎተቻ ቢኖረውም፣ የሚመደበው ከማጨጃዎች ጋር በአንቀጽ 84.33 ሥር ነው፤ ከትራክተሮች ጋር በ87.01 አይደለም። ምላጩ አግድም የሚዞር ስለሆነ ንዑስ ቁጥሩ 8433.11 ነው። “ኢንቮይሱ ላይ ‘ትንሽ ትራክተር’ ብሎ እንዳይጽፍ አደራ” አለኝ። ሻጩ ልክ እንደዚያ ሊጽፍ ነበር፤ እሱ ጋ ሁሉም የሚጠራው እንደዚያ ነው። በጊዜ አስቀየርነው፣ የሞተሩን ቁጥርና የማጨጃውን ስፋትም አስጻፍንበት። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ማሽን ለማምጣት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከሌላው ሁሉ ይህችን አንዲት መስመር ያስታውስልኝ፦ ዕቃው በታሪፉ የትኛው ቁጥር ሥር እንደሚውል ሳታውቁ ገንዘብ አታስልኩ። ድሬ ላይ ከአንድ ትራንዚተር ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ በቂ ነው።

ማታ ሆቴሉ በር ላይ አንድ ሰው ቀረበን። ማሽን እንደገዛን ሰምቷል። “ለምን ትደክማላችሁ፤ በሦስት ሌሊት ድሬ አደርስላችኋለሁ፣ ከቀረጡ ሩቡን ብቻ ስጡኝ” አለ። ጋሼ በትሕትና መለሱት። ለእኔ ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በሲቲ ዞን በረሃ ውስጥ በሌሊት ያለ መብራት የሚነዳ ልጅ ስንቱ እንደተገለበጠ ድሬ ያደገ ሰው ያውቃል። ዕቃው ከተያዘ ይወረሳል፤ ካልተያዘም ወረቀት ስለሌለው ነገ ልሽጠው ብትሉ አይሸጥም፣ በድርጅቱ መዝገብ ላይ አይመዘገብም፣ ለእርጅና ቅናሽም አይታሰብ። የኛ መናፈሻ በር ደግሞ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው።

ሐሙስ

ማሽኑ የተጫነው የሌሎች አስመጪዎች ጭነት ባለበት አይሱዙ ላይ ነው፤ ሁሉም ወደ ድሬዳዋ ጉምሩክ ቅርንጫፍ በትራንዚት የሚሄድ። ቤንዚኑን ከታንከሩ አስቀዱ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀሉ፣ ምላጩን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረጉ። ጎማዎቹን በእንጨት ሽብልቅ አስደግፈው አራቱንም ማዕዘን በገመድ አሰሩ። ገመዱ የታሰረው በሻሲው ላይ ነው፤ በማጨጃው ሽፋን ላይ ቢሆን ኖሮ በመንገዱ ንዝረት ይጣመም ነበር፣ ከተጣመመ ደግሞ ሣሩን አንዱን ጎን አጥልቆ ሌላውን ከፍ አድርጎ ያጭዳል። ጫኞቹ ሊያስሩ የነበረው ሽፋኑ ላይ ነበር፤ ጋሼ ወጥተው ራሳቸው አሰሩት።

የቲ ዋን ወረቀቱ (የትራንዚት ፈቃዱ) ከቀትር በፊት አለቀ። እኛ ከኋላ በሚኒባስ ተከተልን። ደወሌ ላይ መሸብን፤ አይሱዙው ለጠዋት ሰልፍ ያዘ፣ እኛም አደርን። ማታው ነፋሻ ነው። እንጀራ በሥጋ ከዚያን ቀን በላይ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ዓርብ

ድሬ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው በቀጥታ ጉምሩክ ግቢ ገባ።

ቀጣዩ ሳምንት

ሰኞ ዲክላራሲዮኑ ገባ። ፍተሻው ላይ መርማሪው የጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቀ፦ “ይህ ትራክተር አይደለም?” ትራንዚተሩ የታሪፍ ማብራሪያውን አወጣ። መርማሪው አነበበው፣ ወርዶ ማሽኑን ከሥር አየው፣ የማጨጃው ክፍል ከሻሲው ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጠ፣ 8433.11 ላይ ተስማማ። ቀጥሎ ዋጋው ነበር። ጉምሩክ በራሱ መረጃ ያለውን ዋጋ ከኢንቮይሱ ጋር ያስተያያል። ከባንክ የተላከው ስዊፍትና የሞተሩ ኮድ ፎቶ እዚህ ላይ ሠሩ፤ ገንዘቡ በባንክ ለመሄዱም ሞተሩ በየትኛው ዓመት ለመሠራቱም ማስረጃ አለ። የኢንቮይሱ ዋጋ ተቀባይነት አገኘ። ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ፣ በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ክርክር እንዴት እንደሚያሸንፍ አይታየኝም።

ተከፈለ። ማሽኑ ማክሰኞ ወጣ።

የአጎቴ ልጅና እኔ ሂሳቡን ቁጭ ብለን ደመርነው፦ ዕቃው፣ ጭነቱ፣ ቀረጡና ታክሱ፣ የትራንዚተሩ፣ የእኔና የጋሼ መንገድ፣ ሆቴልና ምግብ፣ መጋላ የተገዛው ኩሽኔታ ሳይቀር። በስልክ ሲታይ ግማሽ ነበረ ያልነው ልዩነት ከአዲስ አበባው ዋጋ አንድ አምስተኛ ገደማ ላይ ቆመ። ለእኔ በቂ ነው፤ የሁለት አትክልተኞች የበርካታ ወራት ደመወዝ ነው። ለአንድ ትንሽ ግቢ ሣር ቢሆን ግን አይመከርም፤ የመንገዱና የትራንዚተሩ ወጪ ማሽኑ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን አይቀንስም። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ተባብሮ በአንድ ዲክላራሲዮን ቢያስመጣ ግን ወጪው ይከፋፈላል። ሐረር ያሉ አንድ የሆቴል ባለቤት ይህንኑ ጠይቀውን ከአጎቴ ልጅ ጋር እየተነጋገሩ ነው።

አባባ ለሦስት ጠዋት ከጋሼ ጋር ተለማመዱ። መጀመሪያ ያለ ምላጭ፣ በባዶ ሜዳ። ከዚያ በምላጭ፣ በሰፊው ቦታ። በዛፎቹ ሥርና በአጥሩ ጥግ አሁንም የእጁ ማሽን ይሠራል፤ ረዳታቸው የሚይዘው እሱን ነው። አባባ የሚያጭዱት ጎህ ሲቀድ ጀምረው ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ሁሉንም ይጨርሳሉ። ጋሼ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ በእጃቸው ጽፈው ለጥፈዋል፦ በየ50 ሰዓቱ ዘይት፣ በየሳምንቱ የአየር ፊልትሮ ማራገፍ፣ ምላጭ ከመንካት በፊት የካንዴላ ገመድ መንቀል። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ረዳታቸው በየቅዳሜው ያነብላቸዋል፤ አሁን በቃላቸው ይዘውታል።